ባሕሩን ለእንግዳ የከፈተ መንገድ

ከካዲስ አጠገብ ተነስቶ፣ የስፔንን ደቡብና ምሥራቅ የባሕር ዳርቻ ይዞ፣ ባርሴሎና ላይ የሚያበቃ አሮጌ አውራ ጎዳና አለ። በስፔን የመንገድ መዝገብ ኤን-340 ይባላል። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሲሆን ከአገሪቱ ብሔራዊ መንገዶች ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው። ዛሬ ማላጋ ወይም አሊካንቴ አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ፣ መኪና ተከራይቶ ወደ ባሕሩ የሚነዳ ሰው ሁሉ ወይ በዚህ መንገድ ላይ ነው፣ ወይ እሱን ለመተካት በተሠሩት ፈጣን መንገዶች ላይ። ስለ ሆቴሎቹና ስለ ፀሐዩ ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን የዚህን ዳርቻ ታሪክ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መንገዱን ይመልከት ባይ ነኝ። ዳርቻውን ያለማው መንገዱና በላዩ የሄደው መኪና ነው፤ ያጎሳቆለውም ያው ነው።

እንዲህ የምለው መንገድ ሠራተኛ ስላሳደገኝ ነው። አባቴ የአውራ ጎዳና ግሬደር ነጂ ነበር፤ ልጅነቴ ያለፈው በመንገድ ካምፕ፣ በቆርቆሮ ቤቶችና በሬንጅ በርሜሎች መካከል ነው። ዛሬ ፍራንክፈርት ውስጥ የከተማ አውቶቡስ እነዳለሁ። ለዕረፍት ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ወደ ስፔን ስንወርድ መኪና እንከራያለን። ልጆቹ ባሕሩን ቀድሞ ለማየት ሲሻሙ፣ እኔ ደግሞ የድጋፍ ግንቡን፣ የውኃ መውረጃውን፣ የድልድዩን እግር አያለሁ። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መንገዱ ስፔን ከምትባለው አገር ይበልጥ ያረጀ ነው። ሮማውያን ከፒሬኔ ተራሮች እስከ ካዲስ የሚደርስ ቪያ አውጉስታ የተባለ መንገድ ዘርግተው ነበር፤ ኤን-340 በካታሎኒያና በቫሌንሲያ በኩል በብዙ ቦታ የእሱን ፈለግ ተከትሏል። ከታራጎና ብዙም ሳይርቅ፣ ሮዳ ዴ ቤራ በምትባል ቦታ፣ ዕድሜው 2,000 ዓመት ያህል የሆነ የድንጋይ ቅስት መንገዱ መሐል ቆሟል። አስፋልቱ በግራና በቀኝ ተከፍሎ ያልፈውና ወዲያ ማዶ ይገናኛል። የጭነት መኪናዎች በየቀኑ በጎኑ ያልፋሉ፤ ቅስቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

የደቡቡ ዳርቻ ታሪክ ሌላ ነው። ከማላጋ እስከ አልሜሪያ ተራራው ቁልቁል ወርዶ ባሕሩ ላይ ነው የሚያበቃው። ለብዙ ዘመን ሰውና ዕቃ የሚጓዘው በበቅሎ ወይም በጀልባ ነበር። በየኮረብታው አፍንጫ ላይ የሚታዩት የድንጋይ ማማዎች፣ አብዛኞቹ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ወይም የታደሱ፣ የባሕር ወንበዴ ሲመጣ እሳት አንድዶ ወሬ የሚያቀብሉ ዘበኞች መቆሚያ ነበሩ። ያን ጊዜ ባሕሩ ሰው የሚፈራው እንጂ የሚዝናናበት አልነበረም። ሕዝቡ ሰርዲን እያጠመደ፣ በሞትሪልና በሳሎብሬኛ ሜዳ ሸንኮራ አገዳ እየቆረጠ ይኖር ነበር። የሸንኮራው ሥራ እስከ እኛ ዘመን ዘልቆ፣ የመጨረሻው ፋብሪካ የተዘጋው በ2006 ነው።

መንገዱን በሕይወት ያቆዩት ስማቸው በየትኛውም መጽሐፍ የማይገኝ ሰዎች ናቸው። ስፔኖች ፔዮን ካሚኔሮ ይሏቸዋል፤ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መንግሥት የቀጠራቸው የመንገድ ጠባቂዎችና ጠጋኞች ናቸው። ለእያንዳንዱ አንድ ሌግዋ፣ ማለትም አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል መንገድ ይሰጠዋል። ጉድጓዱን ይደፍናል፤ ቦዩን ይጠርጋል፤ ናዳውን ያነሳል። መኖሪያውም መንገዱ ዳር ነበር። ከእነዚያ ቤቶች አንዳንዶቹ ዛሬም በኤን-340 ጠርዝ ላይ ቆመው ይገኛሉ።

በግራናዳ አውራጃ ዳርቻ ከእነዚህ ቤቶች አንዱን ሳይ የተከራየሁትን መኪና ጥግ አስይዤ ወረድኩ። ጣሪያው ወድቋል። ሁለት በር አለው፤ ሁለት ቤተሰብ ጎን ለጎን ይኖርበት ነበር ማለት ነው። ከጓሮው የዳቦ ምድጃ አለ፤ አፉ በጥላሸት እንደጠቆረ ነው። የበለስ ዛፍ ከወለሉ በቅሎ በመስኮቱ ወጥቷል። በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ወደሚቀጥሉት ከተሞች ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚቀር የሚገልጽ ጽሕፈት ነበር፤ ግማሹ ተፍቋል። ባለቤቴ ከመኪናው ሆና «ምን አገኘህ?» ስትለኝ «የአባቴን ሰዎች ቤት» አልኳት። ወርዳ ምድጃውን አየች፤ በእጇም ዳሰሰችው። በካምፑ እናቴ ዳቦ ትጋግርበት የነበረውን ከበርሜል የተሠራ ምድጃ ብዙ ጊዜ አጫውቻታለሁና ምን እንደሚሰማኝ ገብቷታል።

መኪና ወደዚህ መንገድ በእርግጥ የመጣው በ1920ዎቹ ነው። በጄኔራል ፕሪሞ ዴ ሪቬራ አገዛዝ፣ በ1926፣ መንግሥት ዋና ዋና መንገዶችን ለመኪና የሚሆን ጠንካራ ንጣፍ ለማልበስ ትልቅ ዕቅድ አወጣ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1928 የመጀመሪያው ፓራዶር፣ ማለትም የመንግሥት የእንግዳ ማረፊያ፣ በግሬዶስ ተራራ ተከፈተ። በየአውራ ጎዳናው ዳርም የመኪና መንገደኛ የሚያርፍባቸው ትንንሽ ማረፊያዎች ይሠሩ ጀመር። ጥቂት ሀብታሞች መኪናቸውን እየነዱ አገር ማየት ጀምረው ነበር። ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነቱ መጣ።

ከማላጋ በስተምሥራቅ ባለው መንገድ የሚነዳ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህን ቢያውቅ እወዳለሁ። በየካቲት 1 ቀን 1929 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በእነሱ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1937፣ ማላጋ በመንግሥት ላይ ባመፀው በጄኔራል ፍራንኮ ወገን እጅ ወደቀች። ከተማዋን ከያዙት ጦሮች አንዱ ሙሶሊኒ የላከው በመኪና የሚጓዝ የጣሊያን ጦር ነበር። ሕዝቡ፣ ቁጥሩ ከ100,000 እንደሚበልጥ የሚገመት፣ ልጁን አዝሎ፣ አህያውን ጭኖ ወደ አልሜሪያ በዚህ መንገድ ተሰደደ። ሌላ መውጫ አልነበረም፤ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው ባሕር ነው። 200 ኪሎ ሜትር በሚያህለው ጉዞ ላይ መርከቦች ከባሕር፣ አውሮፕላኖች ከሰማይ ደበደቡት። በሞትሪል አጠገብ የጓዳልፌዎ ወንዝ ሞልቶ ብዙዎችን ወሰደ። የሞቱት በሺዎች ይቆጠራሉ።

ኖርማን ቤቲዩን የተባለ ካናዳዊ ሐኪም ለቁስለኛ ደም የሚሰጥበትን መሣሪያ በመኪና ጭኖ ከአልሜሪያ በኩል ሲመጣ ከዚህ ሕዝብ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። ዕቃውን ከመኪናው አራግፎ፣ ሕፃናቱን በቅድሚያ እየጫነ፣ ቀንና ሌሊት ከባልደረቦቹ ጋር ወደ አልሜሪያ አመላለሰ። ዛሬ ማላጋ ውስጥ በባሕሩ ዳር ለካናዳውያኑ መታሰቢያ የተሰየመ የእግር መንገድ አለ። ማላጋ በወደቀች በአሥራ አንደኛው ቀን፣ የካቲት 12፣ ያው የሙሶሊኒ ፋሽስት መንግሥት አዲስ አበባ ላይ የፈጸመውን ጭፍጨፋ እኛ እናውቀዋለን። ማላጋና አዲስ አበባ በአንድ ወር፣ በአንድ ጨካኝ መንግሥት እጅ ደሙ። እኛ በየዓመቱ ቆመን እናስባለን። የማላጋ መንገድ ሰለባዎች ግን ፍራንኮ እስኪሞት ድረስ በአደባባይ እንዳይታሰቡ ተደርገው ኖሩ። አሁን ግን በየዓመቱ በዚያ ወር ሰዎች ያን መንገድ በእግራቸው እየተጓዙ ያስቧቸዋል።

ከጦርነቱ በኋላ የረሃብ ዓመታት ሆኑ። ቤንዚን ጠፋ። መኪና ያለው ሰው ከኋላው ምድጃ ገጥሞ፣ ከሰል ወይም የለውዝ ቅርፊት አንድዶ በጢሱ ጋዝ ሞተሩን ያስነሳ ነበር። በኋላ ማርቤላን ዓለም እንዲያውቃት ያደረገው ልዑል አልፎንሶ ሆሄንሎሄ በ1940ዎቹ ከአባቱ ጋር በዚህ ዳርቻ ያለፈው በከሰል በሚሠራ ሮልስ ሮይስ እንደነበር ይነገራል። የእሱ ማርቤላ ክለብ በ1954 ተከፈተ። በምሥራቁ ዳርቻ ደግሞ የቤኒዶርም ከንቲባ ፔድሮ ሳራጎሳ የባሕር ልብስ ለብሰው የሚዝናኑ እንግዶችን ጉዳይ ጦርነቱን አሸንፎ አገሪቱን ለያዘው ለፍራንኮ ለማስረዳት ቬስፓ ሞተር ብስክሌቱን ጋልቦ ማድሪድ ድረስ እንደሄደ ይተረካል። የቤኒዶርም ማስተር ፕላን በ1956 ጸደቀ፤ ዛሬ ከተማዋን የሞሉት ረጃጅም ፎቆች ሥራቸው ከዚያ ይጀምራል።

ሁሉም ነገር የተገናኘው በ1959 ነው። መንግሥት ካዝናው ባዶ ሆኖ የውጭ ምንዛሪ አጥብቆ ፈለገ። በሐምሌ ወር አዲስ የኢኮኖሚ ዕቅድ ወጣ፤ የፔሴታ ዋጋ ወርዶ አንድ ዶላር 60 ፔሴታ ሆነ። ለእንግሊዙም ለጀርመኑም ስፔን ርካሽ አገር ሆነች። ለብዙ የምዕራብ አውሮፓ አገሮች ዜጎች ቪዛ ቀረ። በዚያው ወር መጨረሻ የትራፊክ ጉዳይን አንድ ላይ የሚይዝ መሥሪያ ቤት በሕግ ተቋቋመ። በቶሬሞሊኖስ ፔስ ኢስፓዳ የተባለው ትልቅ ሆቴል ሥራ ጀመረ። በኔርሃ አጠገብ ልጆች የሌሊት ወፍ ሲያድኑ የታላቁን ዋሻ አፍ ያገኙትም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ነው። በ1960 ወደ ስፔን የገባው የውጭ ሰው 6 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በ1973 ወደ 34 ሚሊዮን ደረሰ። በ1960ዎቹ አብዛኛው እንግዳ የመጣው በመኪና፣ በፈረንሳይ ድንበር በኩል ነው።

ግን መንገዱን የሞላው የውጭ ሰው ብቻ አልነበረም። በ1950 መንግሥትና ባንኮች ከጣሊያኑ ፊያት ጋር ሆነው ሴአት የተባለ የመኪና ኩባንያ አቋቁመው ነበር። ከባርሴሎና ፋብሪካው በ1957 የወጣችው ሴአት 600 የስፔንን ሕዝብ ኑሮ ለወጠች። ዲዛይኗ የፊያቱ መሐንዲስ የዳንቴ ጃኮሳ ነው። ከእኔ ትውልድ በፊት የነበረ የአዲስ አበባ ሰው በደንብ ያውቃታል፤ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ ሆና የሠራችው ሰይቼንቶ እህቷ ናት። ሞተሯ 633 ሲሲ ብቻ ነው፤ የሚቀመጠውም ከኋላ ነው። ነዳጁና ሻንጣው ከፊት ነበር። የመጀመሪያዎቹ በሮቿ የሚከፈቱት ከፊት ወደ ኋላ ስለነበር እየሄደች በሩ ቢከፈት ነፋስ ይገነጥለዋል። በረጅም ዳገት ሞተሩ ይግላል፤ ስለዚህ ሾፌሮች የኋላ ኮፈኗን በእንጨት ደግፈው፣ አየር እያስገቡ ይነዱ ነበር። ዋጋዋ መጀመሪያ 65,000 ፔሴታ ነበር፤ ለአንድ ተራ ሠራተኛ የብዙ ወራት ደመወዝ ነው። ተመዝግቦ ወረፋ መጠበቅም ግድ ነበር። እስከ 1973 ድረስ ወደ 800,000 ተሠርታለች።

በዚህች መኪና ነው የማድሪዱና የኮርዶባው ሠራተኛ ልጆቹን ከኋላ ደርድሮ፣ ፍራሽና ጃንጥላ ከጣሪያው ላይ አስሮ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ያየው። በሥራ ቦታዬ አብሮኝ የሠራ፣ አሁን ጡረታ የወጣ ስፔናዊ አለ። ስፔንና ምዕራብ ጀርመን በ1960 የሠራተኛ ስምምነት ሲፈራረሙ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስፔናውያን ወደ ሰሜን ጎረፉ፤ አባቱ ከእነሱ አንዱ ነበሩ። ጀርመኑ ለፀሐይ ወደ ደቡብ ሲወርድ ስፔናዊው ለእንጀራ ወደ ሰሜን ወጣ፤ ሁለቱ በአንድ መንገድ ተላለፉ። በነሐሴ ደግሞ አባትየው ኦፔላቸውን ጭነው፣ ፈረንሳይን አቋርጠው፣ ቤተሰቡን ይዘው ወደ አልሜሪያ ይነዱ ነበር። «እማማ ወንበሩ ሥር ለአያቴ የገዛችውን ቡና ትደብቅ ነበር፤ አባባ ደግሞ ድንበሩን ስናልፍ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይዘፍን ነበር» ብሎ ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ስደተኛ ስለሆንኩ ይህ ታሪክ ለእኔ ሩቅ አይደለም።

የኪራይ መኪናው ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ዳርቻ ርቆ ነው። በአሜሪካ በ1918 ዋልተር ጃኮብስ የተባለ ሰው በቺካጎ አሥራ ሁለት የፎርድ መኪናዎች ይዞ ማከራየት ጀመረ፤ ያ ድርጅት በኋላ ኸርትዝ የተባለው ነው። ዋረን ኤቪስ ደግሞ በ1946 በዲትሮይት አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ መኪና አቆመ፤ መንገደኛው ከአውሮፕላን ወርዶ መሪ እንዲጨብጥ ያደረገው ሐሳብ ይኸው ነው። በስፔን የመንግሥቱ የኢንዱስትሪ ድርጅት በ1949 ለቱሪስት ማጓጓዣ አቴሳ የተባለ ኩባንያ አቋቋመ፤ መጀመሪያ አውቶቡስ ያሰማራ ነበር፣ በኋላ ወደ መኪና ኪራይ ዞረ። ግን ኪራዩ የሕዝብ የሆነው አውሮፕላን ማረፊያዎቹ ሲበዙ ነው። ጂሮናና አሊካንቴ በ1967፣ አልሜሪያ በ1968 ተከፈቱ። ቀድሞ መኪናውን ይዞ ይመጣ የነበረው እንግዳ አሁን በርካሽ የቡድን በረራ መጥቶ ለሳምንት ይከራይ ጀመር። የአገሬው ሰውም መኪና እየገዛ በየሆቴሉ ደጅ የሚያከራይ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ከእነዚህ ቤተሰባዊ ሱቆች አንዳንዶቹ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠር መኪና የሚያሰማሩ ድርጅቶች ሆነዋል።

ዳርቻውና መኪናው ምን ያህል እንደተሳሰሩ የሴአት ስም አወጣጥም ያሳያል። ኩባንያው ከፊያት ሲለያይ በ1984 ኢቢዛን፣ በ1985 ማላጋን አወጣ፤ ትንሿና ርካሿ ማርቤላም ተከተለች። እንግዳው ማላጋ ወርዶ ማርቤላ ተከራይቶ ማርቤላ ይሄድ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ኪራዩ በኢንተርኔት ያልቃል፤ ቁም ነገሩ ግን ጠረጴዛው ጋ ነው። አከራዩ በክሬዲት ካርድህ ላይ መያዣ ይይዛል፤ ኢንሹራንሱ ከስንት ጀምሮ እንደሚሸፍን፣ ከዚያ በታች ያለውን አንተ እንደምትከፍል ይነግርሃል፤ ተጨማሪ ኢንሹራንስም ሊሸጥልህ ይሞክራል። አንድ አከራይ ከእኔ በፊት የነበረ ጭረት አስከፍሎኛል። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ስቀበል መኪናውን ዙሪያውን በቪዲዮ እቀርጻለሁ፤ ቸርኬውን፣ መስታወቱን፣ የነዳጅ መለኪያውን ሁሉ። በዚህ ዳርቻ የምትከራዩ ሁሉ እንዲሁ አድርጉ።

መንገዱ የራሱ ምልክቶችም አሉት። ከሁሉም የታወቀው ጥቁሩ በሬ ነው። የካዲስ አውራጃው የኦስቦርን የወይን ቤት ብራንዲውን ለማስተዋወቅ ሰዓሊው ማኑኤል ፕሪዬቶ በ1956 የሳለው ነው። የመጀመሪያው በሬ በ1957 ቆመ፤ ከእንጨት የተሠራ፣ ቁመቱ 4 ሜትር ነበር። እንጨቱን ዝናብ ሲያበላሸው በቆርቆሮ ተተካ። ማስታወቂያ ከመንገድ ይራቅ የሚል ሕግ ሲወጣ ደግሞ ከሩቅ እንዲታይ ወደ 14 ሜትር ከፍ አለ። በ1988 በመንገድ ዳር ማስታወቂያ ጭራሽ ሲከለከል ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ተሸፈነ፤ በሬው ብቻ ቀረ። በ1994 ይነሳ ቢባል ሕዝቡ እንቢ አለ፤ በ1997 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የመልክዓ ምድሩ አካል ሆኗልና ይቁም ብሎ ፈረደ። አንዱን ከጀርባው ሆኜ አይቼዋለሁ። ከፊት ግርማ ሞገሱ የሚያስፈራው በሬ ከኋላው በብረት ማማ የተደገፈ፣ በብሎን የተያያዘ ቆርቆሮ ነው። ነፋስ ሲመታው ይንቋቋል። ብሎኖቹን እየዞረ የሚያጠብቅ፣ ቀለሙን የሚያድስ ሰው ባይኖር በጥቂት ክረምት ይወድቅ ነበር።

አሁን ስለ ጥፋቱ። ሆቴሉም ቪላውም በሩን የከፈተው በቀጥታ ወደ ኤን-340 ነበር። ከማላጋ እስከ ኢስቴፖና መንገዱ ሲሰፋ የከተማ ጎዳናም አገር አቋራጭም ሆኖ ቀረ። በአንድ ወገን ሆቴል፣ በሌላው ባሕር፤ መካከሉ ላይ የጭነት መኪና፣ አገሩን የማያውቅ ተከራይ፣ ጃንጥላ ይዞ የሚሻገር ቤተሰብ። በ1980ዎቹ የአገሬው ሰው የሞት መንገድ ብሎ ሰየመው። በመላው ስፔን በመኪና አደጋ የሞተው ሰው በ1989 ከ9,000 በላይ ነበር። አውቶቡስ ነጂ ስለሆንኩ ይህን ቁጥር ሳነብ እጄ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ግን ለውጥ መጣ። የእግረኛ ድልድይ ተሠራ፤ የቀበቶ ግዴታው ጠበቀ፤ በ2006 መንጃ ፈቃድ ላይ ነጥብ የሚቀነስበት ሥርዓት ተጀመረ፤ በ2019 በተራ የገጠር መንገዶች የፍጥነት ወሰኑ ወደ 90 ወረደ። በዚያ ዓመት የሞቱት ከ1,800 በታች ናቸው። ቆርጦ የተነሳ አገር ሞትን መቀነስ እንደሚችል ስፔን አስመስክራለች።

የክፍያ መንገዱም ታሪክ አለው። በዳርቻው የመጀመሪያው በ1969 ከባርሴሎና ወደ ማታሮ ተከፈተ። ቀስ በቀስ ኤፒ-7 የተባለው መንገድ ምሥራቁን ዳርቻ ያዘ፤ ከማላጋ እስከ ኢስቴፖና ያለው በ1999 ተከፈተ። ከታራጎና እስከ አሊካንቴ ያለው በ2020 መጀመሪያ፣ የካታሎኒያው በ2021 ነፃ ሆነ፤ የማላጋው ግን ዛሬም ይከፈልበታል። በበጋ በእነዚህ መንገዶች ላይ የኪራይ መኪና ብቻ አይደለም ያለው። ከፈረንሳይ፣ ከቤልጂየም፣ ከኔዘርላንድ ተነስተው፣ ጣሪያቸው ላይ ብስክሌትና ማቀዝቀዣ አስረው ወደ አልሄሲራስ ወደብ የሚነዱ የሞሮኮ ቤተሰቦች አሉ። ከ1986 ጀምሮ የስፔን መንግሥት ለዚህ ጉዞ ልዩ መስተንግዶ ያዘጋጃል፤ በአንድ በጋ ከ3 ሚሊዮን ሰው በላይ ባሕሩን ይሻገራል።

የዳርቻው ሕንፃ ከሕጉ ቀድሞ ነው የሄደው። የባሕር ዳርቻ የሕዝብ ነው የሚለው ጠንካራ ሕግ የወጣው በ1988 ነው፤ ያን ጊዜ ብዙው ዳርቻ በሲሚንቶ ተሞልቷል። ከዚያም በኋላ በካቦ ዴ ጋታ የተፈጥሮ ፓርክ ውስጥ 411 ክፍል ያለው ሆቴል ባሕሩ አፍ ላይ ተሠርቶ፣ በ2006 ፍርድ ቤት አስቁሞት፣ ለብዙ ዓመታት ማንም ሳያድርበት ተገትሮ ቀርቷል። ወደ ኤል ኢሂዶ ሲደርሱ ደግሞ የሚታየው ሌላ ነው፤ በአልሜሪያ አውራጃ ከ30,000 ሄክታር በላይ መሬት በፕላስቲክ ተሸፍኖ የአውሮፓ ቲማቲም ይበቅልበታል። በዚያ ሙቀት ውስጥ የሚለቅሙት በአብዛኛው ከሞሮኮ፣ ከማሊ፣ ከሴኔጋል የመጡ ናቸው። በፌብሩዋሪ 2000 በዚያች ከተማ በሞሮኮ ሠራተኞች ላይ ሕዝብ ተነስቶ ቤታቸውን አቃጥሏል። ዕረፍት ላይ ያለ አፍሪካዊ በዚያ ሲያልፍ ቢያንስ ፍጥነቱን ቀንሶ ማየት አለበት።

የግራናዳን ዳርቻ በፈጣን መንገድ የሚያገናኘው ኤ-7 ሙሉ በሙሉ ያለቀው በ2015 ነው። በዚያ በኩል አሮጌው መንገድ ሳይሰፋ ቀርቷል፤ ጥምዝምዙ፣ ነጭ የኪሎ ሜትር ድንጋዩ፣ የድጋፍ ግንቡ በአብዛኛው እንደነበረ ነው። ግንቡን በእጄ ዳስሼዋለሁ፤ ድንጋዩ አንድ በአንድ ተጠርቦ የገባ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ የመንገድ ሠራተኛ ልጅ ያውቃል።

ይህን ዳርቻ ፀሐይ አልከፈተውም፤ ፀሐይ ድሮም ነበረች። የከፈቱት ዳገቱን የጠረቡ፣ ጉድጓዱን የደፈኑ፣ በትንሽ መኪና ልጆቻቸውን ይዘው የወጡ፣ በስደት ሠርተው የተመለሱ ሰዎች ናቸው። በዚያው መንገድ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ንጹሐን ሞተዋል። የሆቴሉ ማስታወቂያ ይህን አይናገርም።

ስለዚህ ወደዚያ የምትወርዱ ወገኖቼ፣ ከጀርመንም ሁኑ ከእንግሊዝ ወይም ከስዊድን፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከፈጣኑ መንገድ ውጡና ከኔርሃ እስከ አልሜሪያ በአሮጌው መንገድ ንዱ። ጠዋት ተነሱ፤ በጥምዙ ላይ ማርሽ ቀንሱ፤ ከኋላችሁ የሚቸኩል ካለ ጥግ ይዛችሁ አሳልፉት። በ1937 ለሞቱት የቆመ መታሰቢያ ስታገኙ ቁሙ። ልጆቻችሁን አውርዱና ማላጋ የወደቀችበትን ቀንና የካቲት 12ን አብራችሁ ንገሯቸው።